መሪጌታና የሃንጋሪው ፕሪማሽ

የደብራችን መሪጌታ ድምፃቸው ተዘግቶባቸው፣ ሮቢንስዴል ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ለጉሮሮ ምርመራ የወሰድኳቸው እኔ ነበርኩ። ዳግመኛ ማዜም ይችሉ እንደሆነ ሐኪሙ የሚነግራቸው ያን ቀን ነው። መኪና ከገቡ ጀምሮ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም፤ ሰሞኑን ያነበብኩትን ጀመርኩላቸው። «መሪጌታ፣ ሃንጋሪዎች የሙዚቃ ባንድ የሚመራውን ቫዮሊን ተጫዋች ፕሪማሽ ይሉታል። ከላቲን የመጣ ነው፤ ቀዳሚ ማለት! የጳጳሶቻቸውን አለቃም በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት።»

«ይህን ሃንጋሪዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ?» አሉኝ በሻከረ ድምፅ። እኔ ምን ገዶኝ! ሳብራራ ሳብራራ ፓርክ አደረግሁ። «ጉሮሮህ አይደክምም፣ ልጄ? እኔን ትተው አንተን ቢመረምሩህ ይሻላል» አሉና ሊወርዱ ሲሉ ቆም አሉ። «ያ ፕሪማሽህ ቫዮሊኑ ቢሰበርበትስ፣ ምን ይሉታል?»

እሱን አላነበብኩትም።

ከሐኪሙ ሲወጡ ፊታቸው ፈክቷል። ማኅሌት ላይ ቃሉን በጆሮው እየነገሩ ለሚመሩት ሰው እንደሚያደርጉት ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው ሹክ አሉኝ፦ «ድምፅህ ይመለሳል አለኝ። እስከዚያ ግን ሁለት ሳምንት ቃል እንዳልተነፍስ አዘዘኝ። በል እንግዲህ፣ ሜዳውም ፈረሱም ይኸው፤ ላቲንህን ቀጥል!»