የመጀመሪያውን ዛላ ማን ይቁረጥ

በጃቫ ደሴት፣ ከእሳተ ገሞራው ግርጌ ባለች ትንሽ የሩዝ መንደር፣ አጨዳው ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረፋዱ ላይ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያውን የሩዝ ዛላ ስትቆርጥ የኖረችው አሮጊቷ ቱኪየም በቀርከሃ ቤቷ ደጅ ተቀምጣ ዳክዬዎቿን ትቀልባለች፤ በአገሩ ወግ “ምባህ”፣ ማለትም አያቴ፣ እያለ የሚጠራት ወጣቱ የመንደር አለቃ ሱጊማን ጫማውን ወልውሎ ፊቷ ቆሟል።

ቱኪየም፦ ቢላዬን አልሰጥም። ደግመህ ብትጠይቀኝ ደግሜ አልሰጥም እላለሁ። ይህን ለማለት ፊደል መቁጠር አላስፈለገኝም።

ሱጊማን፦ ምባህ፣ ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። ነገ ቀትር ሳይሆን እኔው ራሴ አምጥቼ እመልሳታለሁ።

ቱኪየም፦ ሠላሳ አንድ አጨዳ የከፈትኩት እኔ። ዘንድሮ ማን እንደሚከፍት የሰማሁት ግን ከማን መሰለህ? ሙዝ እየጠበሰች ከምትሸጠው ሴትዮ። “የአለቃው ሚስት ናት አሉ” አለችኝ፣ ሙዟን እያገላበጠች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ሱጊማን፦ ማን ይንቅዎታል? ትንሽ ይረፉ ብለን ነው። ዕድሜዎም ገፋ።

ቱኪየም፦ ማረፉን ተወው፣ እሱ ሳይጠሩት ይመጣል፤ መቃብር ቆፋሪው ጎረቤቴ ነው። ይልቅ ለሚስትህ ቢላ ከገበያ ግዛላት።

ሱጊማን፦ እንዲህ ያለ የዛላ መቁረጫ፣ አኒአኒ፣ ገበያ ላይ የት ይገኛል? ሰው ሁሉ በማጭድ ነው የሚያጭደው። በመንደሩ የቀረችው የእርስዎ ብቻ ናት።

ቱኪየም፦ እንግዲያው በማጭድ ትክፈተዋ።

ሱጊማን፦ የመጀመሪያው ዛላማ በማጭድ አይቆረጥም።

ቱኪየም፦ ለምን?

ሱጊማን፦ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን? በማሳው የምታድረው መንፈስ፣ የሩዝ እናት፣ ስለት አይታ እንዳትደነግጥ፣ መዳፍ ውስጥ በምትደበቅ ትንሽ ቢላ ነው።

ቱኪየም፦ አየህ፣ ቢላዬም ትፈለጋለች፣ ትምህርቴም ይፈለጋል። የማልፈለገው እኔ ብቻ ነኝ። ይቺ አኒአኒ የእናቴ ናት፤ እጀታዋ ከጣቴ ጋር አብሮ ያለቀ ነው። ሚስትህ ላስትሪ እንዴት አድርጋ ልትይዛት ነው? እስቲ ይቺን ስንጥር ያዝና አሳየኝ።

ሱጊማን፦ እንዲህ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል።

ቱኪየም፦ እንደ ጠመኔ። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት አሉ። የሩዝ እናት መደንገጡን ትተወውና በሳቅ ትሞታለች።

ሱጊማን፦ አስተማሪ ናት፣ ነገር ቶሎ ይገባታል።

ቱኪየም፦ ላስትሪ ጨዋ ልጅ ናት፤ እሷን አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት አንተን ነው። አሁን እንግዲህ ሹመትዎን አክብሬ ልጠይቅዎት፣ እውነተኛው ምክንያት ምንድን ነው?

ሱጊማን፦ ኧረ ምባህ፣ እባክዎ “እርስዎ” አይበሉኝ።

ቱኪየም፦ ይናገሩ፣ ክቡር አለቃ። ዳክዬዎቹም ጆሯቸውን ሰጥተዋል።

ሱጊማን፦ እሺ። ምላስዎ ነው።

ቱኪየም፦ ምላሴ ምን አደረገ?

ሱጊማን፦ አምና ከወረዳ የመጡትን እንግዳ፣ መንደሩ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ “ሆድዎ ደርሷል፤ እርስዎስ መቼ ይደርሳሉ?” አሏቸው።

ቱኪየም፦ ግማሽ ቀን አስጠብቆን ነው የመጣው። ሩዙ ቆሞ፣ ሴቶቹ ቆመው፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ። ደግሞ አልዋሸሁም፤ ሆዱ ቀድሞ ነው ከመኪናው የወረደው።

ሱጊማን፦ ለመስኖው ቦይ ሲሚንቶ ሊፈርሙልን ብዕራቸውን አውጥተው ነበር። ያን ሲሰሙ ወደ ኪሳቸው መለሱት። ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቼ ነው ነገ እንደገና የሚመጡት። ይዘኑልኝ።

ቱኪየም፦ ከመጀመሪያው እንዲህ ብለህ ብትመጣ ኖሮ ሙዝ ጠባሿ አታሳቅቀኝም ነበር። “ምላስዎን እፈራለሁ” ያለኝ ሰው አክብሮኛል። የሰደበኝ “ይረፉ” ያለኝ ነው።

ሱጊማን፦ ታረቅን ማለት ነው? ቢላዋን ይሰጡኛል?

ቱኪየም፦ ቀስ በል። የትኛው ማሳ ላይ ነው የምትከፍቱት?

ሱጊማን፦ ከመንገዱ ዳር ያለው ላይ። መኪናው እስከ ማሳው አፍ ድረስ ይገባል፤ የእንግዳው ጫማ ጭቃ አይነካም።

ቱኪየም፦ ከመንገዱ ዳር።

ሱጊማን፦ ምነው? ወርቅ መስሎ የለም እንዴ?

ቱኪየም፦ ማሳው ውስጥ ገብተህ አይተኸዋል? በእግርህ?

ሱጊማን፦ ሞተር ሳይክሌ ላይ ሆኜ፣ ሳልፍ።

ቱኪየም፦ ሳታልፍ ብታየው ጥሩ ነበር። እዚህ ቅርጫት ውስጥ ዛሬ ጠዋት ከዚያው ማሳ የቀጠፍኩት ዛላ አለ። አንተ ጥርስ አለህ፤ ከታችኞቹ ፍሬዎች አንዱን ንከስ።

ሱጊማን፦ ይኸው ነከስኩ።

ቱኪየም፦ ምን ቀመስክ?

ሱጊማን፦ ወተት።

ቱኪየም፦ ወተት። ውሃ መጨረሻ የሚደርሰው ማሳ የሚተከለውም መጨረሻ ነው። ላዩ ቢበስልም ታቹ ገና ይጠባል። ጡት ያልጣለች ልጅ ልትድሩ ነበር፣ ያውም እንግዳ ጠርታችሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይህ ነው።

ሱጊማን፦ ጉድ ፈላ። ድንኳኑ እዚያው መንገድ ዳር ተተክሏል፣ ፍየሉ ተገዝቷል፣ በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ሳይቀር ተነግሯል።

ቱኪየም፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ድንኳኑ እግር የለውም፣ ሰው ግን አለው። ይሂድ።

ሱጊማን፦ ወዴት? የበሰለው የትኛው ነው?

ቱኪየም፦ ከቀርከሃው ጫካ ጀርባ፣ የመበለቷ የካርሲ ማሳ። ትናንት ዛላ አምጥታ ፊቴ ነክሳዋለች፣ ቀጭ ይላል።

ሱጊማን፦ እዚያ የሚኬደው እኮ በማሳዎቹ መሃል፣ በጠባቡ ግድብ ላይ ነው። እንግዳውን ምን ልበላቸው?

ቱኪየም፦ “ጫማዎን ያውልቁ” በለው። ቦዩ የት ላይ እንደተናደ፣ ውሃው የት ላይ እንደሚቀር በእግሩ እየረገጠ ይየው። አንተ ዓመት ሙሉ በወረቀት ያላስረዳኸውን ጭቃው በሃያ እርምጃ ያስረዳዋል።

ሱጊማን፦ ይህስ እውነት አለው። እና እርስዎ ዝም ይላሉ?

ቱኪየም፦ ጭቃው ከተናገረ ለእኔ ምን ይተርፈኛል?

ሱጊማን፦ እንግዲያው ምባህ፣ ቢላዋን አልወስድም። እርስዎ ይክፈቱልን። ላስትሪ ቅር አትሰኝም፣ እኔ እነግራታለሁ።

ቱኪየም፦ በአንድ ሳምንት ሾመህ በአንድ ሳምንት ትሽራታለህ? ተዋት፣ ከእኔ ጋር ትሆናለች።

ሱጊማን፦ አሁን ደግሞ ግራ አጋቡኝ። ቦታዬ ተወሰደ ብለው አይደል እንዴ በዳክዬ ፊት ያስጨነቁኝ?

ቱኪየም፦ ያ ግድብ ስፋቱ ምን ያህል ነው?

ሱጊማን፦ አንድ እግር ቢሆን ነው።

ቱኪየም፦ ከሁለት ሳምንት በፊት ወደቅኩበት።

ሱጊማን፦ ወይኔ ምባህ። ለማን ተናገሩ?

ቱኪየም፦ ለማንም። እስከ ወገቤ ጭቃ ውስጥ ገብቼ፣ የሩዙን ሥር እየያዝኩ ወጣሁ። ጉልበቴ ደረቅ መሬት ላይ ይታዘዘኛል፤ ጭቃ ላይ ግን የራሱን አለቃ መርጧል።

ሱጊማን፦ ታዲያ “ይረፉ” ስል ልክ ነበርኩ ማለት ነው።

ቱኪየም፦ ልክ መሆንህን ለአንድ ሰው ብትናገር ቢላዋን ወንዝ ነው የምከታት።

ሱጊማን፦ አልናገርም። ለላስትሪስ?

ቱኪየም፦ ለእሷ ንገራት፤ ማወቅ የሚገባት እሷ ናት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚህ ትምጣ፣ አያያዙን አሳያታለሁ። ነገ የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ እሷ አጠገቤ ሆና እጄን እያየች ትማራለች። ግድቡ ላይ ስንወጣ ክንዴን አጥብቃ ትያዘኝ። ግን ልብ በል፣ ይህንንም ማታ ቤታችሁ ታለማምዳታለህ፤ መንደርተኛው ሲያየን እኔ እሷን የያዝኳት ይምሰል።