ቤት የመታው ግጥም

ጠላ እንኳ የማይቀምሰውን ባሌን በሰው ፊት ሰካራም ያደረጉት የልጄ መምህር ናቸው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ልጄ ተነስታ፣ «አባዬ ከወገዳ መጣ፣ አረቄውን ጠጣ» ብላ ግጥሟን አነበበች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባሌ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። እኔ ግራ ገባኝ፤ ቤት ያነበበችልኝ ከወገዳው፣ ከደቦው ሥራ መጥቶ «ደክሞት ተኛ» የሚል ነበር።

ስብሰባው ሲበተን መምህሩን ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ ቤት አልመታ ስላለ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት» አሉኝ። ማንበብን ብቻዬን ነው የተማርኩት፣ «ቤት መምታት» የሚል ነገር አንብቤ አላውቅም። «የማንን ቤት ነው የሚመታው?» አልኳቸው።

«የግጥሙን ነዋ። ‹መጣ› ካለች ‹ጠጣ› ነው የሚስማማው።»

«እሱ እኮ አይጠጣም።»

«ግጥም አይደል እንዴ» ብለው ሳቁ። ይሄኔ ከውጭ አንዱ ባሌን «አረቄው» ብሎ ሲጠራው ሰማሁ።

«እንግዲያው መትቷል፣ መምህር፤ የመታው ግን የእኔን ቤት ነው» አልኳቸው።