የእህል ደባቂው ቲያትር

ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ታክሲ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንዲት ተማሪ ያወራሉ።

«አባባ፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ኪነት ቡድን እተውን ነበር አሉኝ አይደል? እኔ እኮ የገጠር ቲያትርን ታሪክ ነው የማጠናው።»

«ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም። ለመመረቂያ ጽሑፌ ነው።»

«ስልክሽ እየቀዳ ነው?»

«አይ፣ ይኸው ይዩት።»

«እኔ አላውቅበትም። ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው።»

«እሺ፣ ከተትኩት። ምን ሆነው ነበር የሚተውኑት?»

«ለመንግሥት ኮታ ላለመስጠት እህል የሚደብቅ ሰውዬ። እኔም የጎረቤቴን አነጋገርና አረማመድ አስመስዬ ተጫወትኩት።»

«ሰዉ ሳቀ?»

«ሆዱን ይዞ ሳቀ። ካድሬው ግን ሲያበቃ ጠራኝና ‹ማንን ነው ያስመሰልከው?› አለኝ።»

«ነገሩት?»

«ለጨዋታ የጠየቀኝ መስሎኝ ነገርኩት። በማግስቱ የጎረቤቴን ጎተራ አስከፍተው ሰውዬውን ወሰዱት።»

«ተመለሰ?»

«አልተመለሰም። ሚስቱ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። አንቺስ በእርግጥ ተማሪ ነሽ?»

«መታወቂያዬን ላሳይዎት?»

«መታወቂያማ እነሱም ነበራቸው።»

«ይቅርታ አባባ። ጽሑፉ ላይ ግን ስምዎን ማን ልበል?»

«ያኔም የጠየቁኝ ስም ነው፣ ልጄ።»

መውረጃዬን ስናልፍ እያየሁ፣ ሽማግሌው ስሰማቸው እንደነበር እንዳይጠረጥሩ «ወራጅ አለ» ሳልል እስከ ቃሊቲ ሄድኩ።