አሚን፣ ሎሚና አማት

(ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር። ዓሣ እያጸዳች የምትሸጠው እታገኝ እጇን በሳሙና ትፈትጋለች፤ ፍቅረኛዋ፣ የኬሚስትሪ መምህሩ ማቴዎስ፣ ሎሚ ይዞ አጠገቧ ቆሟል።)

እታገኝ፦ አልሄድም አልኩህ አልሄድም! እናትህ ገና ዛሬ ሊያዩኝ፣ በዚህ ዓሣ በሚሸት እጅ ላጎርሳቸው?

ማቴዎስ፦ መፈተጉን ተይና ሎሚውን ተቀበይኝ። ሳሙናው ነው የሚያባብስብሽ።

እታገኝ፦ ኧረ ባክህ! ሳሙና ያገማል በለኛ!

ማቴዎስ፦ ሽታው አሚን የሚባል ነገር ነው፤ የአሞኒያ ዘመድ። ሳሙና ሲነካው ይለቀቅና በርሮ አፍንጫ ይገባል። ሎሚ ግን አሲድ ስለሆነ ጨው ያደርገዋል። ጨው ደግሞ አይበርም።

እታገኝ፦ ወይ የኔ መምህር! ተማሪዎችህ ለምን እንደሚያንቀላፉ አሁን ገባኝ።

ማቴዎስ፦ ሳቂ፤ ብቻ እጅሽን በሎሚው እሺው።

እታገኝ፦ እስቲ... ውይ፣ እውነትም! ጠፋ ማለት ነው?

ማቴዎስ፦ አልጠፋም፣ ተደበቀ እንጂ። ሳሙና ካላገኘው ዝም ይላል።

እታገኝ፦ ለመደበቅ እንዲህ የተጋኸው ምነው? ይሄን ሁሉ ሎሚ የተሸከምከው ለኔ አዝነህ ነው? ቆይ፣ ለእናትህ ምን ትሠራለች አልካቸው?

ማቴዎስ፦ ነጋዴ ናት አልኳት።

እታገኝ፦ የምን ነጋዴ?

ማቴዎስ፦ የ... ልብስ።

እታገኝ፦ ጉድ ፈላ! ቡቲክ ከፈትክልኝ? ምነው ቁልፉን እንኳ ሳታሳየኝ!

ማቴዎስ፦ አፌ ላይ የመጣውን ነው የተናገርኩት። እማዬን አታውቂያትም።

እታገኝ፦ ስማኝ ማቲ፣ እጄን የምታጠበው ለጉርሻው ብዬ ነው። በዚህ እጅ ወንድሞቼን አስተምሬበታለሁ፤ አላፍርበትም። አንተ ግን አፈርክብኝ። እሱ ነው የከፋኝ።

ማቴዎስ፦ አላፈርኩም! እንቢ እንዳትለኝ ፈርቼ ነው።

እታገኝ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አሁኑኑ ደውልና ንገራቸው። አለዚያ አንተም ሎሚህም በሰላም ሂዱ።

ማቴዎስ፦ አሁን? ምሳ ሠርታ እየጠበቀችን?

እታገኝ፦ አሁን።

ማቴዎስ፦ እሺ... ሄሎ፣ እማዬ? ስለ እታገኝ የነገርኩሽ ውሸት ነው። ልብስ አትሸጥም... ዓሣ ነው የምትሸጠው። አዎ፣ ራሷ እያጸዳች... እሺ። እሺ እማዬ።

እታገኝ፦ ምን አሉ? ተናገር እንጂ፣ ልቤ ሊቆም ነው!

ማቴዎስ፦ «እሷ ቶሎ ትምጣልኝ፤ ውሸታሙን ከፈለገች ይዛው ትምጣ፣ ካልፈለገች እዚያው ትተወው» አለች።