የእማማ ታንጉት ጥለት

ልጄ ሳል ይዞት ሲከሳብኝ የጎረቤታችን የእማማ ታንጉት ዓይን ነው አልኩ። እሳቸው ሸክላ ሠሪ ናቸው፣ አገሩ ሁሉ ያማቸዋል። አቅፈውት «እንዴት ወፈረ» ባሉ በሳምንቱ ነው ሳሉ የጀመረው። አጥር ላይ ካሰጡት ነጠላ ጥለቱን ሰርቄ ቆረጥኩና ፍም ላይ አድርጌ በጭሱ ልጄን አጠንኩት። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ሲጨንቀኝ ደብረ ታቦር ወስጄ አስመረመርኩት። «የሳንባ ነቀርሳ ነው። ቤት ውስጥ የሚያስል አለ?» አለችኝ ነርሷ። የለም ልላት ስል ራሴን አሳለኝ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔንም መረመሩኝ፣ ለካ ልጄን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።

በመንገድ ሁሉ ዝም ልበል ይሆን እያልኩ መጣሁ። ዓይን ነው ብል ማንም ያምነኛል፤ ከእኔ ነው ብል ባሌ ምን ይለኛል? ግን እግሬ እማማ ደጅ ወሰደኝ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ከደጅ ቆምኩ።

«እማማ፣ ይማሩኝ። ጥለትዎን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በሽታው ከእኔ ነው የያዘው፣ የእርስዎ ዓይን አይደለም።»

«ስትቆርጭ አይቼሻለሁ» አሉኝ፣ እጃቸውን ከጭቃው ሳያነሱ።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ከዳነልሽ ብዬ ነዋ። እኔስ በምን አውቃለሁ፣ ልጄ? ሰው ሁሉ ሲለኝ እውነት ይሆን እንዴ ብዬ፣ የልጄን ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ደህና አድርጌ አይቻት አላውቅም።»

ልጅቷን አውቃታለሁ። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች።