ከምንጩ በላይ የቆመው ዶዘር

ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት እናትና አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የሚመስል ወጣት ተቀምጠዋል። ወጣቱ ከመንገዱ ዳር የቆመ ዶዘር በመስኮት አይቶ እናትየዋን ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ይሄ የመንገድ ሥራ ለምን ቆመ? በጀት አለቀ እንዴ?»

«እኛ ነን ያስቆምነው፣ ልጄ።»

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

«የእድራችን ሰዎች። ድንጋዩን የሚያወጡት ከምንጫችን በላይ ነበር፤ ውሃው ደፈረሰ።»

«መንገዱን አትፈልጉትም ማለት ነው?»

«እንዴት አንፈልግም! ምራቴ መውለጃዋ ደርሷል። መንገዱ ካልደረሰ በቃሬዛ ነው የምናወርዳት።»

«ታዲያ መንግሥት ባመጣው ሥራ እንዴት ጣልቃ ገባችሁ?»

«ገንዘቡ የሕዝብ ነው ብለውናል። የሕዝብ ከሆነ እኛም እንጠይቃለን። መሐንዲሱን ምንጩ ድረስ ወሰድነው።»

«ምን አለ?»

«መጀመሪያ ተቆጣ። ከውሃው በጣሳ ቀድተን ‹ጠጣ› ስንለው ግን ውሃውን አይቶ ጣሳውን መለሰልን። ድንጋዩ ከወንዙ ማዶ እንዲወጣ ተስማማን።»

«አሁን ወዴት ነው?»

«ዞን ስብሰባ አለ። የተስማማነውን መሐንዲሱና አለቆቹ በሰው ሁሉ ፊት ይድገሙት፤ ያኔ ሥራው ይቀጥላል።»

«እርስዎ ይናገራሉ?»

«እናገራለሁ እንጂ! ዝም ብዬ ልቀመጥ ነው ይህን ሁሉ የመጣሁት?»

ወደዚያው ስብሰባ የምሄደው እኔም፣ ዛሬ እንደ ልማዴ ከአዳራሹ ኋላ ሳይሆን ከፊት ወንበር ልቀመጥ በልቤ ወሰንኩ።