በውሰት የወጣ ድምፅ

«ሙጫው ዛሬ እንቢ አለ አይደል፣ ጋሼ? እርጥበት ሲበዛ እንዲህ ነው። ትንሽ ሻይ ልቅዳልዎ፤ ስኳር እንደሚቀንሱ አልረሳሁም። ይኼ ዝናብ እኮ… ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፣ ያስላል። ለጉሮሮ አይመችም። እርስዎ ግን ደህና ነዎት? ተመስገን። ጉሮሮን መጠበቅ ነው፣ ጋሼ። ድምፅ የሌለው ሰው ምን ይበላል… በዚህ ዘመን።»

ይህን ያለችው ለስላሳ ናት። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ስትቆጣ እንኳ የምታባብል ስለምትመስል የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የድምፅ ክፍሉ የእሷ ነው። ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ የነበረችውን ጠባብ ክፍል ግድግዳዋን በአሮጌ ብርድ ልብስ አልብሳ፣ መቅረጫዋን ጠረጴዛ ላይ አኑራ፣ ማየት ለማይችሉ አንባቢዎች መጽሐፍ እያነበበች ትቀዳለች። ማንም አላዘዛትም፤ በራሷ ጀመረችው። አሁን በየቤቱ እሷን እየሰሙ የሚውሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

የምታነጋግራቸው ሽማግሌው ጠራዥ ናቸው። የተገነጠሉ መጻሕፍት የሚጠግኑት በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ጥግ ነው፤ ሻይ የሚፈላውም እዚያው ነው። በክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው አለች። የውሰት ክፍል ኃላፊዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ሰማያዊ ሻንጣ ጉልበቷ አጠገብ አቁማ፣ ወደ ሁለተኛ ጉባኤዋ የሚወስዳትን መኪና ትጠብቃለች። ሻንጣው የለስላሳ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ተቀጥረው፣ በአንድ ጠረጴዛ ሠርተው፣ ምሳቸውን ሲካፈሉ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ዛሬ ግን ለስላሳ አንድ ጊዜም ዞር ብላ አላየቻትም።

«ጉባኤ ደስ ይላል፣ ጋሼ። እርስዎ ሄደው አያውቁም አይደል? እኔም አላውቅም። ግን የሄደን ሰው ማየትስ ቀላል ነገር ነው? ባዶ እጁን ይሄዳል። ሲመለስ… በአንገቱ ስሙ የተጻፈበት ካርድ፣ በትከሻው የጨርቅ ቦርሳ፣ በኪሱ እስክሪብቶ በእስክሪብቶ፣ በአፉ ደግሞ አዲስ ቃል። እኛ ‹አንባቢ› የምንለውን እዚያ ‹ተገልጋይ› ይሉታል። እኛ ‹እንደምንም ብለን ሠራነው› የምንለው እዚያ ሲደርስ ‹ምርጥ ተሞክሮ ተቀመረ› ይባላል። ቃሉ ሲያምር እኮ ሥራውን ተናጋሪው የሠራው ይመስላል። ካርዱስ ቢሆን? አንዳንዱ ከተመለሰ ወዲህ ከአንገቱ አውልቆት አያውቅም። ምን ያድርግ? ማን እንደሆነ ሲጠፋበት ጎንበስ ብሎ ደረቱን ቢያነብ ክፋት አለው?»

የውሰት ክፍል ኃላፊዋ ካርዷን ቀስ ብላ ወደ ሹራቧ ውስጥ ሰደደችው።

«አይ፣ እኔ ስለ ጥቅሙ ነው የማወራው። አለቃችን በስብሰባ ላይ ‹ሠራተኛ ከጉባኤ ምን ያተርፋል?› ብለው ሲጠይቁ አልሰሙም? አንዷ ጎበዝ ምን ብላ መለሰች… ‹በራስ መተማመን›። እውነቷን ነው። ‹የማያውቁት አገር አይናፍቅም› ይላሉ፤ የማያውቁት ሙያ ግን ይናፍቃል፣ ጋሼ። ያልሠሩትን ሥራ ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሞ ‹ሠራሁት› ለማለት ስንት በራስ መተማመን ይፈጃል? እኔ በሠራሁት እንኳ ላብ ያጠምቀኛል። እና በዚያ ስብሰባ ላይ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። መዳፌ እስኪቀላ። ያስታውሱኛል?»

ጠራዡ ያስታውሳሉ። ግን አንገታቸውን እንኳ ሳያነሡ ብሩሹን በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ማመላለሳቸውን ቀጠሉ። የጠዋቱን ጉድ እሳቸውም ሰምተዋል።

ነገሩ የወጣው እንዲህ ነው። ጠዋት ነጭ ዘንግ የያዘ እንግዳ የውሰቱ መስኮት ጋ ቀርቦ፣ «ባለፈው ጉባኤ ላይ ስለ ድምፅ ክፍላችሁ ንግግር ያደረገችውን ሴት ፈልጌ ነው» አለ። ኃላፊዋ ብድግ ብላ እጁን ጨበጠችው፤ ወንበር ሳበችለት። በዚህ መሀል ለስላሳ ከውጭ እየገባች ዘበኛውን «እንደምን አደርክ» አለችው። ሰውዬው እጁን ከኃላፊዋ እጅ ውስጥ አወጣና ወደ በሩ ዞረ። «ይቺ ናት» አለ። «ታምሜ ተኝቼ በነበርኩ ጊዜ ስታነብልኝ የከረመችው ይቺ ናት። በጉባኤውም ላይ የተሰማው ቀረጻ የእሷ ድምፅ ነው። የመጣሁት ይህንኑ ላጣራ ነበር።»  ለስላሳ ግን ጓደኛዋ ስለ እሷ ክፍል ንግግር ማድረጓን ሰምታ አታውቅም። እንግዳው ከጎኑ አስቀምጦ የሚያውቀውን አንድ በአንድ ነገራት። የቀረውን ከአለቃው ሰማች።

«እስቲ አንድ ወሬ ላጫውትዎ፤ ሥራ ያቀላል። እዚህ የሆነ አይደለም፣ በሌላ ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ አንዲት ሞኝ ነበረች አሉ፣ እንደ እኔ የምታነብ። የጉባኤው አዘጋጆች ‹ይህን ሥራ የጀመረችውን ሰው ላኩልን› ብለው ጠየቁ። አለቃዋ ደግሞ የልብ ጓደኛዋን ጠሩና ‹መሄድ ትችል ይሆን?› አሏት። ጓደኛ ማለት ምንድን ነው፣ ጋሼ? የሚያዝን አይደል? አዘነችላት። ‹ኧረ እሷ አትችልም፤ እናቷ በጠና ታማባታለች። ብትጠይቋት ትሳቀቃለች፣ ባትነግሯት ይሻላል። ግድ የለም፣ እኔ እሄድላታለሁ።› የሞኟ እናት እኮ ዛሬም ደረጃ የምትወጣው እየሮጠች ነው። በማታውቀው ቢሮ ውስጥ ታመመች፣ ጉባኤው ሲያልቅ ዳነች። አለቃዋማ ሞኟን ኮሪደር ላይ ባገኟት ቁጥር ‹እናትሽ እንዴት ናቸው?› ይሏታል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ‹ደህና ናት› ስትላቸው ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ‹አይዞሽ› ይሏታል። እሷም ‹አለቃዬ እንዴት ያሉ ሰው አክባሪ ናቸው› እያለች ትመርቃቸው ነበር አሉ። አያስቅም?»

ጠራዡ አልሳቁም። በመስኮቱ በኩል የሻንጣው ዚፕ ትንሽ ተከፈተና ተመልሶ ተዘጋ።

«ሞኟ ጓደኛዋ ስለ ራሷ ሥራ ልትናገር የምትሄድ መስሏት ደስ አላት። ሻንጣ አዋሰቻት። ጫማም አዋሰቻት፣ ለሰርግ ብቻ የምታደርገውን ጥቁሩን። ጓደኛዋ ደግሞ ከሥራ መልስ ቤቷ እየመጣች፣ ‹እስቲ ንገሪኝ፣ መጽሐፉን እንዴት ነው የምትመርጪው? ገጽ ስትገልጪ የማይሰማው እንዴት ነው?› ትላታለች። ሞኝ ምን ታውቃለች፤ ‹ተመስገን፣ ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ሰው አገኘሁ› ብላ ሁሉን ዘረገፈችላት። ምዕራፍ ሲያልቅ ‹እዚህ ላይ ትንሽ እንረፍ› የምትለው ለምን እንደሆነ ሳይቀር። ብቻውን የሚኖር አንባቢ አጠገቡ ሰው ያለ እንዲመስለው እኮ ነው… ይህንንም ነገረቻት። ይህንኑ አሉ መድረኩ ላይ እንባ እየተናነቃት ተናገረችው፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላት። ‹የሰው ወርቅ አያደምቅ› ያሉት ሰዎች ማይክራፎን አልደረሰባቸውም፣ ጋሼ። ያደምቃል። ያውም እንዴት አድርጎ።

«ብቻ አንድ ሰው ነበር፣ ከኋላ ወንበር፣ ዓይኑ የማያይ። ቀረጻው ሲያበቃ ‹ይህ የማን ድምፅ ነው?› ብሎ ጠየቀ። ‹የኔ ነው› አለች። ‹አሁን የምሰማው ግን ሌላ ነው› ቢላት… ‹ጉንፋን ይዞኝ ነው› አለችው አሉ። እኔ ይህን ስሰማ አሳዘነችኝ። ያ ጉንፋን እኮ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ለእኔ ቢነግሩኝ ሎሚና ማር ይዤ አልሄድም ነበር? ‹ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው› ይባላል፤ ለካ ጉሮሮም እንደዚያው ነው። አንዱ ዘንድ ያድጋል፣ ሌላው ዘንድ ይዳራል።

«ሌብነት ነው እንዳይሉኝ ግን። አፌን ይቁረጠው። ውሰት ላይ የዋለ ሰው የቱ የራሱ፣ የቱ የሰው እንደሆነ ቢምታታበት ይፈረድበታል? ተዋሰች ነው የሚባለው። መጽሐፍ ያዘገየን አንባቢ እንኳ እኛ ‹ምናልባት ረስተውት ይሆናል› ብለን በትሕትና አይደል የምናስታውሰው? ደግሞም ባዶ እጇን አልተመለሰችም። ለሞኟ ስጦታ አመጣችላት። ጉባኤው የእሷ ነበር… አንድ እስክሪብቶ ደረሳት። እስክሪብቶው አይጽፍም እንጂ፣ ሲያዩት ያምራል።»

እዚህ ላይ ለስላሳ ሻይ ልትጨምር ማፍያውን አነሣችና ሳትቀዳ መልሳ አስቀመጠችው። በድምፅ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ካሉት ብርድ ልብሶች ግማሾቹን ከቤቷ ያመጣችላት ይቺው መስኮት ሥር የተቀመጠችው ሴት ናት። ሚስማሩን ስትመታ አውራ ጣቷን ደብድባ፣ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ስቀዋል። ለስላሳ ከጠዋት ጀምሮ ከሁሉም በላይ እየመጣ የሚያንገበግባት ይህ ሳቅ ነበር።

«የሚገርመኝ ምን መሰለዎት… ብትጠይቀኝ እኮ…» አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ብትጠይቃት ማለቴ ነው፣ ያቺን ሞኝ። ‹አንቺ ሂጂልኝ፣ እኔ ሰው ፊት መቆም አልወድም› ትላት ነበር። ቀረጻውንም መርጣ፣ ንግግሩንም አብራት ተለማምዳ፣ መኪናው ድረስ ሻንጣውን ተሸክማ ትሸኛት ነበር። በነጻ የሚሰጥን ነገር ለመስረቅ ያን ያህል መድከም… እንዴት ያለ ትጋት ነው? ‹ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል› ይላሉ። መጽሐፍስ ሲቀደድ እርስዎ አሉለት። ሰው የተቀደደበት ሰው በምን ሙጫ ይለጥፈው፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው ብሩሻቸውን አኖሩ።  የውሰት ክፍል ኃላፊዋ ስልኳን አውጥታ አንገቷን ደፋች፤ ስልኩ ግን አልበራም ነበር።

«ኧረ ተጫወቱ፣ ምነው ዝም አላችሁ?» አለች ለስላሳ፤ ድምፅዋ ወደ ልስላሴው ተመልሷል። «ደስ የሚለውን ሳልነግርዎ። ረፋዱ ላይ አለቃችን ጠሩኝ። እንግዳው ለእሳቸውም ነግሯቸው ኖሯል። እንዴት እንዳፈሩ፣ ምስኪን። ‹የዛሬው ትልቁ ጉባኤ ነው። አሁኑኑ ስሙን እናስለውጥና አንቺ ሂጂ› አሉኝ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር? እኔ የሰው ደስታ መንጠቅ አልችልበትም። ‹ትሂድ› አልኳቸው። ‹ተዘጋጅታለች፣ ጓዟን ሸክፋለች፣ ምን ቆርጧት ትቀራለች? ትሂድ እንጂ።› እንግዳችንም ደስ አለው። ለካ የዛሬውን ጉባኤ መድረክ የሚመራው እሱ ነው። ‹እንግዲያው እኔው አስተዋውቃታለሁ፤ ቀረጻውንም እኔው እከፍትላታለሁ› አለኝ። ‹አደራህን እንዳታዋርዳት› አልኩት፣ እውነቴን ነው። ‹ኧረ አላዋርዳትም፤ ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቃት› አለኝ። ጨዋ ሰው ነው። ለጥያቄ ደግሞ መዘጋጀት የለመደ ሰው ምን ይሆናል?»

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሴትዮዋ ብድግ ብላ የሻንጣውን እጀታ ያዘች። ወደ ለስላሳ ዞረች። ለስላሳ ጀርባዋን እንደሰጠች የሻይ ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀምራ ነበር። ሴትዮዋ ተመልሳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩ ጥሩምባውን ደገመ። ያኔ ተነሣች፤ ሻንጣውን እየጎተተች ወደ በሩ ሄደች። በሩ አጠገብ ስትደርስ ለስላሳ እጇን በፎጣ አድርቃ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለች።

«መንገደኛን ሳይመርቁ መስደድ ደግ አይደለም፣ ጋሼ። ታላቅ እርስዎ ነዎት፤ ግን እጅዎ ሙጫ ይዟል፣ እኔው ልመርቅ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግላት። በሰላም ትድረስ፣ በሰላም ትመለስ። ያያት ሁሉ ይውደዳት፣ የሰማት ሁሉ ይመናት። በሄደችበት አገር፣ በተቀመጠችበት ወንበር፣ ሰው በሚያስፈልጋት ክፉ ቀን… እግዜር ልክ እንደ እሷ ያለ ጓደኛ አያሳጣት። አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ…»